የልጆቻችን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ስሕተት ከየት ይመነጫል? ከአንድ የጎንደር ተማሪ ደብተር የተነሣ ውይይት

የአዘዞዋ እናት (ውይይቱን የጀመረች)
እሑድ ማታ

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ መምህራንና ወላጆች፣ ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብታለች። በአንደኛ ደረጃ በአማርኛ ትማረው የነበረውን ትምህርት አሁን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ታነባለች፤ ባለፉት ዓመታት ትምህርቱ እየተቆራረጠ ስለ ነበር ደግሞ ሸክሙ በርትቶባታል። የሰዋስው ደንብ ስጠይቃት አንድም ሳታስቀር ትነግረኛለች፤ ባዶ ቦታ በሚሞላበት ፈተናም ጥሩ ውጤት ታመጣለች። አንድ አንቀጽ ጻፊ ስትባል ግን ያ ሁሉ የሸመደደችው ደንብ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ስለ ጥምቀት ጽፋ በቀይ ተሰርዞ የተመለሰላትን አንቀጽ፣ ሁሉም አንባቢ እንዲያየው በራሳችን ፊደል ገልብጬ አቅርቤዋለሁ።

«ጥምቀት ኢዝ ኦን ጃንዋሪ 11። ማይ ግራንድማዘር ዌንት ቱ ቸርች አርሊ ቢኮዝ ዘይ ላይክ ጥምቀት ቬሪ ማች። ኖባዲ ዲድ ኖት ስሊፕ ዛት ናይት። ዊ ወር ሪተርንድ ሆም አት 12 ኦክሎክ ኢን ዘ ኢቭኒንግ። ኦልዞው አይ ዎዝ ታየርድ፣ በት አይ ዎዝ ሃፒ።»

ከአምስቱ ዓረፍተ ነገሮች አንዱም ከቀይ መስመር አላመለጠም፤ ለምን እንደ ተሳሳተች የሚነግራት አንድ ቃል ግን በጎኑ አልተጻፈም። ልጄ «እንግሊዝኛ ለእኔ አልተፈጠረም» ብላ ደብተሯን ዘጋች። እኔ ደግሞ ላስረዳት አልቻልሁም። እባካችሁ፣ ስሕተቱ ምን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ከየት እንደ መጣ የምታውቁ ንገሩኝ።


መምህር ዘማራኪ
ሰኞ ጠዋት

እኅቴ፣ በሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ሳስተምር 17 ዓመት ሆኖኛል፤ የልጅሽን አንቀጽ ሳነብ እያንዳንዱን ስሕተት እንደ ቆየ ወዳጅ ነው ያወቅሁት። ልጅሽ ሰነፍ አይደለችም። ያቀረበችው ጽሑፍ በአማርኛ ሰዋስው እንከን የሌለበት፣ ልብሱ ብቻ እንግሊዝኛ የሆነ ጽሑፍ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ ደንግጓል፤ በእነዚያ ስምንት ዓመታት ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው ልዩነታቸው የታየበት ክፍለ ጊዜ ግን እጅግ ጥቂት ነው። እኔ የምለው እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ የሚያውቀውን አማርኛ ከክፍል ውጭ አቁመን እንግሊዝኛን ማስገባት አንችልም፤ ተከትሎት ይገባልና።

ጥር 11 ጃንዋሪ 11 አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት በሚመጣው ዓመት ደግሞ 20 ላይ፣ በ2016 ዓ.ም. እንደ ሆነው ማለት ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት የእነርሱ 6 ሰዓት ነው። እነዚህ ሁለቱ የሰዋስው ስሕተቶች ስላልሆኑ ብዙ አልቆይባቸውም።

አያቷን «ዘይ» ማለቷ ግን ልቤን ነክቶታል። ልጅቱ «አያቴ ይወድዳሉ» ብላ ነው ያሰበችው። በእኛ ቋንቋ አክብሮት የሚገለጸው በብዙ ቁጥር ስለ ሆነ፣ «ሺ» ማለት አያትን «አንቺ» እንደ ማለት ሆኖ ይሰማታል፤ እጇ እምቢ ይላታል። ስለዚህ እንግሊዝኛ በተውላጠ ስሙ ማክበርም ማዋረድም እንደማያውቅ፣ አክብሮቱን በማዕረግና በቃል ምርጫ እንደሚገልጽ በግልጽ ሊነገራት ይገባል። ይህን ያልተነገረው ተማሪ ደንቡን መቶ ጊዜ ቢሸመድድም ስለ አባቱ ሲጽፍ «ዘይ» ማለቱን አይተውም።

«ኖባዲ ዲድ ኖት ስሊፕ» ደግሞ «ማንም አልተኛም» ነው። አማርኛ በዚህ ትርጉም «ማንም» ካለ በኋላ ግሡን ማፍረስ፣ ማለትም አሉታ ማድረግ፣ ግዴታው ነው። እንግሊዝኛ ግን አፍራሹን በ«ኖባዲ» ውስጥ ስላስገባው ግሡን በአወንታ ይተወዋል፦ «ኖባዲ ስሌፕት»። «ኦልዞው» ባለው ዓረፍተ ነገርም «ምንም እንኳ ቢደክመኝም፣ ነገር ግን» የሚለው አነጋገራችን ነው የገባው፤ እንግሊዝኛ ከሁለቱ አያያዦች አንዱን ብቻ ይፈልጋል።

አሁን ወደ «ወር ሪተርንድ» ልምጣ፤ ከሁሉም ሰፊው ይህ ነውና። አማርኛ ተደራጊ ግሥን በ«ተ» ይመሠርታል፦ ጻፈ፣ ተጻፈ፤ ሠራ፣ ተሠራ። ተማሪው ይህን ሳያውቀው ያውቀዋል፤ ስለዚህ «ተ» ባየ ቁጥር «ዎዝ» ወይም «ወር» ይጨምራል። ነገር ግን ተመለሰ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ተጫወተ፣ ተማረ የሚሉት ግሦች «ተ» ቢኖራቸውም ባለቤቱ ራሱ የሚያደርጋቸው ናቸው። በክፍል የምጠቀምበት መፈተኛ «በማን?» የሚል ጥያቄ ነው። «ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ» ቢባል «በማን?» ብሎ መጠየቅና «በዩኔስኮ» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ዎዝ ሬጂስተርድ» ይሆናል። «ወደ ቤታችን ተመለስን» ሲባል ግን «በማን?» ማለት ትርጉም አይሰጥም፤ ስለዚህ «ዊ ሪተርንድ» ብቻ ነው። ይህ መፈተኛ አንዳንድ ጊዜ ያታልላል፤ «ተወለደ» ሲባል የምንጠይቀው «ከማን?» ብለን ነው፣ እንግሊዝኛው ግን «ዎዝ ቦርን» ይላል። እንዲህ ያሉትን ለብቻ ጽፎ መያዝ ነው።


የዩኒቨርሲቲ ተማሪ
ሰኞ ከሰዓት በኋላ

መምህር፣ ያሉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ትንታኔውም እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሥጋት አለኝ። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ሁሉን ነገር ከአማርኛ ጋር እያስተያየሁ ስለ ተማርሁ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያ በአማርኛ አስቤ፣ ከዚያ ገልብጬ መጻፍ ልማድ ሆነብኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያውን ዓመት ንግግር ስከታተል መምህሩ ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ እኔ ገና የመጀመሪያውን ግሥ እፈልግ ነበር።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጆሯችን እስከ መጨረሻው ይታገሣል። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ተናግሮ ወዲያው ግሡን ይናገራል፤ ዝርዝሩን ከኋላ ያስከትላል። «ትናንት ከደባርቅ የመጣው ልጅ» ስንል ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፤ እንግሊዝኛው «ዘ ቦይ ሁ ኬም ፍሮም ደባርቅ የስተርደይ» ብሎ ልጁን ያስቀድምና ገላጩን በኋላ ያመጣል። ረጅም አንቀጽ በትርጉም የሚያነብ ተማሪ በየዓረፍተ ነገሩ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆንበታል። እኔን ያዳነኝ የሰዋስው ንጽጽር ሳይሆን ቀለል ያሉ አጫጭር ታሪኮችን ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ፣ በየቀኑ ማንበቤ ነው።


መምህር ዘማራኪ
ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ሥጋትህ ትክክል ነው፤ አንተ ያልኸውን ሳልጨምር መቅረቴም ጉድለት ነበር። ንጽጽሩ የሚያገለግለው ስሕተት ከተሠራ በኋላ ምክንያቱን ለማየት ነው፤ ለመጻፍና ለማንበብ መንገድ አድርጎ መያዝ ግን አንተን የደረሰብህን ያመጣል። ያም ሆኖ ድምፅ እያሰሙ ማንበብ ብቻውን «ዘይ»ን ወደ «ሺ» የሚለውጠው አይመስለኝም፤ ልጅቱ መቶ ታሪክ ብታነብ የራሷን አያት በዚያ ታሪክ ውስጥ አታገኛቸውምና።


የአራዳው አባት
ማክሰኞ ጠዋት

መምህር፣ ለእኔ ልጅ የሚያስቸግረው «ኢን»፣ «ኦን» እና «አት» ነው። 7ኛ ክፍል ነው፤ ሁሉንም «በ» ብሎ ያስባቸዋል። አጭር ዘዴ ካለዎት ቢነግሩኝ።


መምህር ዘማራኪ
ማክሰኞ ቀትር

ወንድሜ፣ «በ» የምትባል አንዲት ፊደል የምትሸከመው ብዛት የሚያስደንቅ ነው። ለጊዜ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይውረድ፦ ለዓመትና ለወር «ኢን»፣ ለዕለት «ኦን»፣ ለሰዓት «አት»። የጥምቀትን በዓል ይጻፍ፦ በጃንዋሪ ሲል «ኢን»፣ በ19ኛው ቀን ሲል «ኦን»፣ በእነርሱ አቈጣጠር ከጠዋቱ በ8 ሰዓት (በእኛ በ2 ሰዓት) ሲል «አት»፤ ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን በሦስት ይጻፋቸው። ለቦታም ከተማው «ኢን ጎንደር» ነው፣ የሚገናኙበት አንድ ነጥብ ግን «አት»፦ «አት ዘ ባስ ስቴሽን»። ከዚያ በኋላ ጊዜም ቦታም ያልሆነው «በ» ይመጣል፦ በእስክርቢቶ «ዊዝ»፣ በባጃጅ «ባይ»፣ በእግር ደግሞ «ኦን ፉት»። ይህን የመጨረሻውን በቃል ከመያዝ በቀር ሌላ መንገድ አላገኘሁለትም።


የቅኔ ቤት ልጅ
ማክሰኞ ማታ

የውይይቱ ጀማሪ እኅታችን፣ እኔ እንግሊዝኛን የተማርሁት በዕድሜ ከገፋሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ግእዝ ቈጥሬ፣ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር። እዚያ አንድ አዲስ ግሥ ሲመጣ ብቻውን አይያዝም፤ የግሥ አርእስት የሚባሉ አሉ፣ «ቀተለ»፣ «ቀደሰ» እያሉ፤ አዲሱ ግሥ በየትኛው ሥር እንደሚረባ ታይቶ ከዘመዶቹ ጋር ይቀመጣል። በማታ ትምህርቱ ደንብ የማይከተሉ የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ግሦች በፊደል ተራ የተደረደሩ ሆነው ሲሰጡን፣ እኔ ወረቀቱን ወስጄ እንደ ቅኔ ቤቱ ቤት ሠራሁላቸው። «ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ» አርእስት ይሁን ብዬ «ሪንግ»ን፣ «ድሪንክ»ን፣ «ስዊም»ን ከሥሩ አኖርሁ። «ባይ፣ ቦት» ለሚለው ደግሞ «ብሪንግ፣ ብሮት»፣ «ቲች፣ ቶት»፣ «ካች፣ ኮት» ዘመድ ሆኑት። ሦስተኛው ቤት የማይለወጡት ናቸው፦ «ካት»፣ «ፑት»፣ «ሃርት»። በአንድ ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹን ያዝሁ፤ የጓደኞቼ ወረቀት ግን ክረምቱን ሙሉ ከኪሳቸው አልወጣም።

ሥነ ጽሑፉን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ አገር ናት፤ የላይ ቤትና የታች ቤት ሊቃውንት አንድን ንባብ «አንድም» እያሉ ብዙ ምስጢር ያወጡበታል። የዚህ አገር ልጅ እንግሊዝኛ ግጥም ሲሰጠው «የገጣሚው ሐሳብ ምንድን ነው?» ተብሎ ለምን እንደሚደነግጥ አይገባኝም። ሰምና ወርቅ እንደሚፈለግ ቢነገረው ራሱ ያወጣዋል።


መምህር ዘማራኪ
ረቡዕ ማታ

መሪጌታ ልበልዎት፤ የግሡን አሠራር ነገ ጠዋት ወደ ክፍል ይዤው እገባለሁ። በሰምና ወርቁ ላይ ግን ትንሽ ልለይ። ሰምና ወርቃችን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በኅብረ ቃል ላይ ነው፦ «አይበላሽም» የሚለው ቃል ላልቶና ጠብቆ ሁለት ነገር እንደሚናገረው ሁሉ። የእንግሊዝኛ ግጥም ይህን አያጣም፤ «ላይት» ብርሃንም ቀላልም ነውና ገጣሚ ሊጫወትበት ይችላል። በትምህርት ቤት ግጥሞች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ግን ቃሉ አንድ ሆኖ ሥዕሉ ሌላ ነገር የሚያመለክትበት፣ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተለዋጭ ዘይቤ የምንለው ነው። ተማሪው ኅብረ ቃል ሲፈልግ ሥዕሉ እንዳያመልጠው እሠጋለሁ። ለጠየቁት ድንጋጤ ግን መልስዎ እውነተኛ ነው፤ «አንድም» ማለትን የለመደ አእምሮ በአንድ ትርጉም አይቆምም።

ይልቁን የሚያሳዝነኝ፣ ልጆቹ እነዚህን ጽንሰ ሐሳቦች በአማርኛ ክፍል አስቀድመው ተምረዋቸው ሳለ በእንግሊዝኛ ክፍል እንደ አዲስ መሸምደዳቸው ነው። ተነጻጻሪ ዘይቤን ያውቃሉ፤ እንግሊዝኛው «ላይክ» እና «አዝ» በሚሉት ቃላት ይሠራዋል፣ እኛ በ«እንደ»። ሰውኛን ያውቃሉ፤ ግነትንም ያውቃሉ። «ሴቲንግ» ሲባሉ ይጨነቃሉ፤ ነገር ግን «መቼት» የሚለው ቃላችን «መቼ»ንና «የት»ን አጣምሮ ትርጓሜውን በራሱ ውስጥ ይዟል፤ ከእንግሊዝኛው ቃል ይልቅ ግልጽ ነው እላለሁ። አንድ ታሪክ አንብበው መቼቱን፣ ገጸ ባሕርያቱን፣ ግጭቱንና ጭብጡን በአማርኛ ይወያዩበት፤ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ይጻፉ።

ቤት መምታትን በተመለከተ ግን አማርኛችን አይረዳንም። በእኛ ግጥም የመጨረሻውን ፊደል ዓይን ያየዋል፤ በእንግሊዝኛ ግን ዓይን ያታልላል። «ኮፍ» እና «ታፍ» የሚሉት ቃላት በአንድ ዓይነት አራት ፊደላት ቢያልቁም ቤት አይመቱም፤ «ብሉ»፣ «ስሩ»፣ «ሹ» እና «ቱ» ደግሞ በአጻጻፍ ምንም ሳይገናኙ ቤት ይመታሉ። ስለዚህ ግጥም በጆሮ እንጂ በዓይን አይጠና።


ጡረታ የወጣሁ መምህርት
ሐሙስ ጠዋት

ልጆቼ፣ ዘመኔን ሁሉ ያስተማርሁት አንደኛ ደረጃ ነው፤ ስለዚህ የምናገረው ስለ መሠረቱ ነው። «ይሄዳል»፣ «ትሄዳለች»፣ «እንሄዳለን» እያለ የሚናገር ልጅ ግሡ ባለቤቱን ይዞ ስለሚሄድለት፣ በእንግሊዝኛ ባለቤቱን ይረሳዋል። «ኢዝ ቬሪ ሆት ቱዴይ» ብሎ የሚጽፈው ለዚህ ነው፤ «ሞቀ» በሚለው ቃላችን ውስጥ «ኢት» የለምና። ግሡን ለእያንዳንዱ መደብ መለወጥ የለመደው ይኸው ልጅ ግን እንግሊዝኛ ለ«ሂ»፣ ለ«ሺ» እና ለ«ኢት» ብቻ ያስቀረውን አንዲት «ስ» ይዘላታል። ለእኔ ይህ ከሁሉም የከረመው ስሕተት ነው፤ 12ኛ ክፍል ፈተና ድረስ ተከትሏቸው ይሄዳል።

እኔ የማደርገው ይህን ነበር። ልጆቹ በየማታው አምስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ስለ እናታቸው ወይም ስለ አያታቸው የዕለት ሥራ ብቻ፦ ትነሣለች፣ ቡና ትቆላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ገበያ ትወርዳለች። በአምስቱም ውስጥ «ስ» ትኖራለች። በሳምንቱ መጨረሻ እነዚያኑ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ወደ ትናንት ይለውጧቸዋል፤ ያን ጊዜ «ስ» ትጠፋለች፣ የመሪጌታ ቤቶች ይመጣሉ። እንዲሁም ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ የሰውና የቦታ ስም ሲጽፉ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ ማድረግን ይረሳሉ፤ እርሱን በቃል ጽሕፈት ብቻ ነው ያስለቀቅኋቸው።

ለተረትም ቦታ ስጡ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ «ዎንስ አፖን ኤ ታይም» ሲሰማ የት እንደ ገባ ያውቃል። የሚያውቀውን የጅብና የአህያ ተረት በእንግሊዝኛ ይጻፈው፤ ቀጥሎ ደግሞ ጅቡ ራሱ «አይ» እያለ እንደሚተርከው አድርጎ ይድገመው። የተራኪ አንጻር ማለት ምን እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም።


የአዘዞዋ እናት
ከሦስት ሳምንት በኋላ

የተከበራችሁ መምህራን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ«በማን?»ን ጥያቄ ለልጄ ባነበብሁላት ሰዓት ደብተሯን ራሷ አመጣችው፤ ያለ እኔ እርዳታ አምስት ስሕተቶች ከቀድሞ ጽሑፎቿ ለቅማ አወጣች። «ሺ» የሚለው ግን ቀላል አልሆነላትም። በመጨረሻ ለአያቷ ሄዳ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም «የፈረንጅ አገር ወጉ እንዲያ ከሆነ አላዝንብሽም» ብለው ፈቀዱላት። ከዚያ ወዲህ ትጽፈዋለች።

ትናንት ስለ ፋሲል ግቢ የጻፈችውን ልላክላችሁ፦ «አይ ሃቭ ቪዚትድ ዘ ካስል የስተርደይ ዊዝ ማይ ግራንድማዘር። ኢት ዎዝ ቢልት ባይ ፋሲለደስ። ሺ ሳት ኦን ኤ ስቶን ኤንድ ቶልድ ሚ ኤ ስቶሪ።» እኔ ስሕተት አላየሁበትም፤ እርሷ ግን የመጀመሪያው ጥሩ አልመሰለኝም ትላለች።


መምህር ዘማራኪ
በማግስቱ

እኅቴ፣ ጥርጣሬዋ ትክክል ነው። «ትናንት ግንቡን ጎብኝቻለሁ» ብንል በአማርኛ ማንም አይከለክለንም፤ «ጎብኝቻለሁ» ደግሞ ከ«ሃቭ ቪዚትድ» ጋር እጅግ የሚቀራረብ ነው። እንግሊዝኛ ግን ያለፈው ጊዜ በስሙ ከተጠራ፣ «የስተርደይ» ወይም ዓመተ ምሕረቱ ከተነገረ፣ «ሃቭ»ን አይቀበልም፤ «አይ ቪዚትድ ዘ ካስል የስተርደይ» ይሆናል። «የስተርደይ»ን ካወጣችው «ሃቭ»ን ማስቀረት ትችላለች። ሁለቱንም ጽፋ ልዩነቱን ለአያቷ በአማርኛ ታስረዳቸው።

«ዎዝ ቢልት» እና «ሳት» በትክክለኛ ቦታቸው ናቸው፤ የ«በማን?» ጥያቄ ሥራውን ሠርቷል። «ዘ ካስል» ማለቷም መልካም ነው፤ የእኛን «ግንቡን» ባለችበት ቦታ ሁሉ «ዘ» ታስገባ። ነገር ግን የቦታ ስም ሲሆን ይህ ስለማይሠራ፣ «ዘ ብሉ ናይል» እና «ዘ ሲሜን ማውንቴንስ» ይባላል፣ ጣና ግን ያለ «ዘ» «ሌክ ጣና» መሆኑን ደብተሯ ላይ ትያዝልኝ። ለሚመጣው እሑድ አያቷ በድንጋዩ ላይ ተቀምጠው የነገሯትን ታሪክ ትጻፈው፤ በመጀመሪያ «ሺ ቶልድ ሚ» ብላ፣ ከዚያም አያቷ ራሳቸው እንደሚናገሩት አድርጋ በ«አይ»።